መስኮቱን ማን ይክፈተው? ለሕዝብ ሕንፃ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሚመለከታችሁ ሁሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። "ለሚመለከታችሁ ሁሉ" ብዬ የጀመርኩት ለወግ አይደለም። የሚመለከተውን ሰው ፈልጌ ስላጣሁ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ለጉዳይ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። እነሱን ብቻ ለይቼ ማሳጣት አልፈልግም፣ ደግሞ ነገሩ የእነሱ ብቻ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ሰባ ሰው ይሆናል። የእኔ ቁጥር 114 ነው፣ የሚጠራው ገና 61። ተቀመጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትለካ፣ ከሞባይል ያነሰች መሣሪያ ይዤ እዞራለሁ። (አዎ፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ። ቤተሰቦቼም ይስቁብኛል።) አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት። ጥቂት ደቂቃ ቆየችና 2,380 አለች።

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ስድስት መስኮት አለ። ሦስቱ ፊት እስከ ጣሪያ ድረስ ፋይል ተደርድሯል። ሁለቱ ግድግዳው ሲቀባ አብረው ተቀብተው ከፍሬማቸው ጋር ተጣብቀዋል፤ አንዱን እጀታውን ይዤ ሞከርኩት፣ የተፈረፈረ ቀለም ጣቴ ላይ ቀረ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ስድስተኛው ቁልፍ ተበጅቶለታል። ከጎኔ አንድ አዛውንት መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያስላሉ፣ ባሳሉ ቁጥር "ይቅርታ" ይላሉ። ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቁ ግን እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ጥበቃውን ጠጋ ብዬ "ወንድሜ፣ ይቺን መስኮት ብንከፍታትስ?" አልኩት። ቁልፉ ጠቅላላ አገልግሎት ጋ ነው አለኝ። ጠቅላላ አገልግሎት ሄድኩ። ያገኘኋቸው ሴትዮ ትሑት ናቸው፣ "ልጄ፣ እንዲዘጋ ያደረገው ንብረት ክፍል ነው፣ በዚያ በኩል ኮምፒውተር ጠፍቶ ያውቃል" አሉኝ። ንብረት ክፍል ያለው ልጅ ደግሞ "እኛ የምንጠብቀው ንብረት ነው፣ አየር ንብረት አይደለም" አለ። እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። መጨረሻ ላይ አንድ ኃላፊ አገኘሁና ነገሩን ሳስረዳቸው "ኧረ ኤሲው እየሠራ አይደለም እንዴ!" ብለው ግድግዳው ላይ ያለችውን ሳጥን ጠቆሙኝ።

እዚህች ኤሲ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙ ኃላፊ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ግማሿ ውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ግማሿ ውጭ የምትቀመጠው፣ በየቢሮው የምናውቃት ኤሲ ከውጭ ምንም አየር አታስገባም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ያንኑ አየር ትስባለች፣ ታቀዘቅዘዋለች፣ መልሳ ትለቀዋለች። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች የሚያመላልሱት ማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። እንዲያውም ኤሲ በተገጠመ ማግሥት "ቅዝቃዜው እንዳይወጣ" ተብሎ በርና መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ይደረጋል። ስለዚህ ኤሲ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ከሌለው የባሰ የታፈነ ነው። ሰው ግን ቀዝቃዛውን አየር ንጹሕ አየር ይመስለዋል። እኔም ለዓመታት ይመስለኝ ነበር።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። 2,380 ማለት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 2,380ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ማለት ነው፤ በባለሙያዎቹ አነጋገር 2,380 ፒፒኤም። ደጅ ብትወጡ ቁጥሩ 420 አካባቢ ነው። ከሳንባችን ተመልሶ የሚወጣው ትንፋሽ ግን 40,000 ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ከ2,380 ላይ የደጁን 420 ስትቀንሱ 1,960 ይቀራል፣ እሱን ለ40,000 ስታካፍሉት አምስት በመቶ ገደማ ይመጣል። በሌላ አባባል ያን ቀን እዚያ አዳራሽ ከሳብኩት ከሃያው ትንፋሽ የአንዱን ያህል ሌላ ሰው ተንፍሶታል። የጥበቃው ሳንባ፣ የሴትዮዋ ሳንባ፣ የሚያስሉት አዛውንት ሳንባ ውስጥ ገብቶ የወጣ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ በዚህ መጠን አይገድልም። እሱ ጠቋሚ ነው። "ይህ ክፍል ምን ያህል ተተንፍሷል?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የሚያሳስበው አብሮት የሚወጣው ነው። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝ፣ ኮቪድ፣ ቲቢ። ኩፍኝ የያዘው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ልጁ ሄዷል፣ በሽታው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራ እየጠበቀ ነው።

ደግሞ መለኪያዋ ሁሉን አታውቅም። ደቃቅ ብናኝ፣ ከአዲስ የቤት ዕቃ ሙጫ የሚወጣ ፎርማልዴሃይድ፣ ከጀነሬተር የሚገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እነዚህ ለየራሳቸው መለኪያ ይፈልጋሉ። የኔዋ የምትነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ አዳራሽ አየር እየገባ አይደለም።

አሁን እስቲ ስለ ውኃ እናውራ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል። አየር ግን ከ10,000 ሊትር በላይ ይስባል። ለሁለቱ ሊትር ደንብ አለ፣ ላቦራቶሪ አለ፣ ክሎሪን አለ፣ ቧንቧው ከቆሸሸ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት አለ። እኔ መሥሪያ ቤታችሁ ገብቼ ቧንቧ ስከፍት፣ ሰባ ሰው የተጉመጠመጠበት ውኃ ቢወርድልኝ በማግሥቱ የሚባረር ሰው ይኖራል። ለአሥሩ ሺህ ሊትር ግን የሚጠየቅ የለም፤ እኔም አራት ቢሮ ዞሬ ያረጋገጥኩት ይህንን ነው።

ውኃም እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ባለቤት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲፈጅ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዘመኑ ሐኪሞች "የሚገድለው መጥፎ ሽታ ነው" ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ ተከታትሎ፣ ነገሩ የብሮድ ጎዳና የውኃ ፓምፕ መሆኑን አሳየ። እጀታው ተነቀለ። ከዚያ በኋላ ያለው የፍሳሽና የንጹሕ ውኃ ታሪክ የመንግሥት ሥራ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ዜጋ ውኃውን ራሱ መርምሮ ይጠጣ ያለ የለም።

አየር ላይ ያለው ነገር ግን ግርም የሚል ነው፣ ምክንያቱም እውቀቱ የቆየ ነው። ስኖው የፓምፑን እጀታ ካስነቀለ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የሚባል ጀርመናዊ የጤና ሊቅ በሙኒክ ክፍሎችን እየለካ "የሰው መኖሪያ ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ1,000 ማለፍ የለበትም" ብሎ ጻፈ። (ፔተንኮፈር ስለ ኮሌራ የነበረው አቋም ስህተት ነበር፣ ስለ ክፍል አየር ግን ትክክል ነበር። ሰው እንዲህ ነው።) ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በዚያው ሰሞን ለአስታማሚዎች ስትጽፍ ያስቀደመችው ይህንኑ ነበር፤ በሽተኛው ሳይበርደው፣ የሚተነፍሰው አየር እንደ ደጁ ንጹሕ ይሁን አለች። ከመድኃኒቱም፣ ከአመጋገቡም በፊት።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1950ዎቹ፣ ባልቲሞር ውስጥ ዊሊያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከቲቢ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ወደ ላይኛው ፎቅ ላኩት። እዚያ ጊኒ ፒጎች ነበሩ፣ አይጥ የሚመስሉ ለምርምር የሚያገለግሉ ትናንሽ እንስሳት። ከሕሙማኑ ጋር አልተነካኩም፣ አልተያዩም። የጋራቸው አየሩ ብቻ ነበር። ቲቢ ያዛቸው። ሌሎቹ ግን አየሩ በአልትራቫዮሌት መብራት አልፎ ስለደረሳቸው ደህና ሆኑ። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? ቲቢ ዛሬም በዓለም ላይ በ2023 ብቻ 1.25 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ 2020 ደረሰ። መጋቢት 10 ቀን አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጊት በሚባል ቦታ አንድ የመዘምራን ቡድን ለልምምድ ተሰበሰበ። 61 ሰው ነበሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል አብረው ዘመሩ። 53ቱ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። ልብ በሉ፣ የዚያው ወር 28 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ለሕዝብ ባሰራጨው መልእክት "ኮቪድ በአየር አይተላለፍም" ብሎ በትልቁ ጻፈ። በሐምሌ 239 ሳይንቲስቶች ተፈራርመው ኧረ በአየር ይተላለፋል ብለው አቤት አሉ። ድርጅቱ ቃሉን እያለዘበ፣ እያስተካከለ፣ በግልጽ ለማመን ከዓመት በላይ ፈጀበት።

እስከዚያ እኛ ምን ስንሠራ ነበር? ጠረጴዛ ስንወለውል። የበር እጀታ በአልኮል ስናሽ። መግቢያ ላይ ኬሚካል የሚረጭ ዋሻ ያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ሰው ላይ መርጨት አይጠቅምም፣ ይጎዳል ብሎ እያስጠነቀቀ። እጅ መታጠብ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለብዙ በሽታ ወሳኝ ነው። ግን ያ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ሲወጣ መስኮቱ ፊት ያለው ፋይል ከቦታው አልተነሳም። ዛሬም አልተነሳም፣ ማክሰኞ ዕለት አይቼዋለሁ።

"መስኮት መክፈት የመንግሥት ሥራ ነው እንዴ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በደንብ ልመልሰው።

ቤቴ ውስጥ ከሆንኩ መስኮቱ የኔ ነው፣ ከፍቼም ዘግቼም የማዝዘው እኔ ነኝ። የሕዝብ ሕንፃ ውስጥ ግን የማዝበት ነገር የለም። አየሩን መርጬ አልገባም፣ ከቤቴ በጠርሙስ ይዤም አልመጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያ የምገኘው ወድጄ አይደለም። ፍርድ ቤት መጥሪያ ልኮ ያስቀርበኛል። ልጄ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ሕግ ያስገድዳል። መታወቂያ ለማደስ በአካል ቅረብ እባላለሁ። እስረኛው ደግሞ በር የሚቆለፍበት ከውጭ ነው። እንግዲህ ና ብላችሁ ያስገደዳችሁኝ እናንተ ከሆናችሁ፣ ያስገባችሁኝ ክፍል አየርም የእናንተ ዕዳ ነው። ይህ ውለታ ጥየቃ አይደለም።

ደግሞ መንግሥት ያቃተው ነገር አይደለም፣ አንዴ ሠርቶታል። የሲጋራ ጭስን አስታውሱ። አውቶቡስ ውስጥ፣ አውሮፕላን ውስጥ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሳይቀር የሚጨስበት ዘመን ነበር። "የማይወድ ራቅ ይበል" ይባል ነበር። በመጋቢት 2004 አየርላንድ በመላ አገሪቱ የሥራ ቦታና መጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስን በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች፣ ሌሎች ተከተሉ። በጊዜው "ንግድ ይሞታል፣ ሰው አይሰማም" ተብሎ ስንት ተወራ። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ቢገኝ ሁላችንም ዘወር ብለን እናየዋለን። የውስጥ አየር በሕግ የሚታዘዝ ነገር መሆኑ ያኔ አልቆለታል። የቀረው የማይታየው ክፍል ነው። ጭስ ይታያል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ይሸታል። የሰው ትንፋሽ አይታይም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ፣ ያላዩት አየርም አያስፈራም።

ጃፓን ነገሩን በ1970 በሕግ ደንግጋዋለች። ከ3,000 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ካርቦን ዳይኦክሳይዳቸው ከ1,000 እንዳያልፍ ወሰነች፣ በየሁለት ወሩም ይለካ አለች። ሃምሳ ዓመት አልፎታል እኮ! ቤልጂየም በ2022 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ዝግ ቦታዎች መለኪያ ይኑራቸው፣ ያም ሕዝቡ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ ይላል። እኔ ይህቺን "ሕዝቡ በሚያየው ቦታ" የምትለዋን በጣም ወድጃታለሁ። ምክንያቱም መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ሪፖርት ማንንም አያሳፍርም፣ ግድግዳ ላይ ያለ ቀይ ቁጥር ግን ያሳፍራል።

እንግሊዝ በ2021 ለትምህርት ቤቶቿ 300,000 ያህል መለኪያ እንደምታድል አስታወቀች። ጥሩ ነው። ግን መለኪያ መስኮት አይከፍትም፤ ቁጥሩ ሲቀላ ምን መደረግ እንዳለበትና በማን ገንዘብ እንደሚደረግ ካልተወሰነ ተማሪው ራሱ የመታፈኑን ልክ እያነበበ ይቀመጣል ማለት ነው። ጣሊያን ውስጥ ማርኬ በሚባለው ክልል ደግሞ ከ10,000 በላይ የመማሪያ ክፍሎች ተጠንተው ነበር፤ ከእነሱ 316ቱ አየር የሚያስገባ ማሽን ተገጥሞላቸዋል። በነዚያ ክፍሎች የኮቪድ ስርጭት በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ፣ ማሽኑ በጉልበት በሚሠራባቸው ክፍሎችማ ከ80 በመቶ በላይ።

በ2024 ደግሞ ሊዲያ ሞራውስካ የሚባሉት የአየር ጥራት ሊቅ ከብዙ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለመንግሥታት ሁሉ የሚሆን መነሻ ቁጥር አቀረቡ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ800 አይለፍ፣ ለአንድ ሰው በሰኮንድ 14 ሊትር ንጹሕ አየር ይግባ፣ ደቃቁ ብናኝ ፒኤም 2.5 የሚባለው በሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም አይብለጥ አሉ። በ800 እና በ1,000 መካከል ልትከራከሩ ትችላላችሁ። ተከራከሩ። 2,380 ላይ ግን ክርክር ያለ አይመስለኝም።

እስካሁን ስለ በሽታ ብቻ አወራሁ። ስለ ጭንቅላትም ላውራ፣ በተለይ ስለ ልጆች።

አንድ መማሪያ ክፍል አስቡ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው 3። 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሃምሳ ልጅ አስገቡበት። ተቀምጦ የሚማር አንድ ልጅ በሰዓት 14 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ሃምሳዎቹ አንድ ላይ 700 ሊትር ይሆናሉ። በርና መስኮቱ ከተጠረቀመ ቁጥሩ በየአሥር ደቂቃው በ700 ገደማ ያሻቅባል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ 3,000 ያልፋል። በእርግጥ ከበር ሥር፣ ከመስኮት ክፈፍ የሚገባ ትንሽ አየር ስለማይጠፋ የእውነቱ ትንሽ ይዘገያል። ግን አቅጣጫው ይሄ ነው። ከዚያ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ልጆቹ ማዛጋት ሲጀምሩ መምህሩ "እናንተ ሰነፎች!" ይላል። እሱም እኮ እያዛጋ ነው።

በ2015 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 24 የቢሮ ሠራተኞችን ለስድስት ቀን አንድ ቢሮ ውስጥ አስቀምጠው፣ አየሩን ሳይነግሯቸው እየቀያየሩ የውሳኔ አሰጣጥ ፈተና ፈተኗቸው። አየሩ ላይ የሚተን ኬሚካል በቀነሰበት ቀን ውጤታቸው እንደ ተለመደው ቢሮ አየር ከነበረው ቀን በአማካይ 61 በመቶ በለጠ፤ በዚያ ላይ የሚገባው የውጭ አየር ሲጨመር 101 በመቶ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አንድ ጥናት ብቻውን አገር አይገነባም፣ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ስብሰባችሁ ለምን ከሰዓት በኋላ ፍሬ እንደማያፈራ አንድ ሐሳብ ይሰጣችኋል ብዬ ነው።

በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። ከምጠይቀው ውስጥ ብዙው ግን ገንዘብ አይፈልግም። ፋይሉን ከመስኮቱ ፊት ማንሳት ስንት ያስወጣል? በቀለም የተጣበቀውን መስኮት በስክሪውድራይቨር ማላቀቅ የአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮምፒውተር ይሰረቃል ከተባለ ፍርግርግ ብረት ይደረግለታል፤ ብረት ሌባ ይከለክላል፣ አየር አይከለክልም። አንድ መስኮት ብቻ ከፍቶ መቀመጥም ብዙ አይረዳም፣ ፊት ለፊት ያለው በር ወይም መስኮት አብሮ ሲከፈት ነው አየሩ ክፍሉን አቋርጦ የሚሄደው። ይህንን የጥንት ግንበኛ ያውቀዋል። የረሳነው መስታወት የለበሰ ሕንፃ መሥራት ስንጀምር ነው።

"ነፋስ ይመታናል" የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ መስኮት ሥር የተቀመጠ ሰው ይበርደዋል። ላይኛውን ቅጠል ብቻ ክፈቱ፣ በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ወንበሩን ዞር አድርጉ። "ደጁ ራሱ ቆሻሻ ነው" ለሚሉትም መልስ አለ። መንገድ ዳር ያለ ሕንፃ በጓሮው በኩል ይተንፍስ። የጀነሬተሩ ጭስ ማውጫ የሕሙማን ክፍል መስኮት ሥር ከሆነ መነሳት ያለበት ጀነሬተሩ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። መክፈት በማይቻልበት ቦታ ማጣሪያ አለ። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ ለመያዝ አስቸጋሪ የሆነውን ደቃቅ ብናኝ እንኳ ከ100 እጅ 99.97ቱን ያስቀራል። እሱ ውድ ከሆነ በ2020 ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል ያስተዋወቁት ዘዴ አለ፤ አራት አምስት ጠፍጣፋ ማጣሪያ በፕላስተር ሳጥን አድርጎ ማያያዝ፣ ላዩ ላይ ተራ ቬንትሌተር መግጠም። ተማሪዎች በእጃቸው ይሠሩታል። አያምርም፣ ይሠራል። ማጣሪያ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አያወርድም፣ እና መለኪያው ላይ ቁጥሩ አልወረደም ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ለቲቢ ክሊኒክና ለተጨናነቀ መጠባበቂያ ደግሞ ያ የባልቲሞሩ አልትራቫዮሌት መብራት ዛሬም አለ፣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ በባለሙያ ይሰቀል እንጂ ከገበያ ገዝቶ ጥግ ላይ ማብራት አይሆንም። እና እባካችሁ፣ ሽቶ መርጨት አየር ማጽዳት አይደለም። የታፈነ ክፍል ላይ የሎሚ ሽታ መጨመር የታፈነና ሎሚ ሎሚ የሚል ክፍል ነው የሚሰጠን።

ትልቁ ጉዳይ ግን አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ናቸው። የአንድ ሕንፃ ርክክብ ላይ የመገኘት ዕድል ገጥሞኝ ያውቃል። ኮሚቴው ቧንቧ ሁሉ ከፈተ፣ ሶኬት ሁሉ ሞከረ፣ ሊፍት ወጣ ወረደ፣ የሴራሚኩን መስመር ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየ። አየር ማስገቢያው ጋ ሲደርስ አንዱ እጁን ዘርግቶ "ይነፍሳል" አለ፣ ሌላው "ይነፍሳል" ብሎ ምልክት አደረገ፣ አለፉ። ስንት ሊትር? ለስንት ሰው? ከደጅ የመጣ ነው ወይስ ያው የውስጡ? የጠየቀ የለም። ፊርማ ተደረገ፣ ተጨበጨበ።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልናገር። በየሕንፃው ለአየሩ የሚጠየቅ የሥራ መደብ ይሰየም፤ ጠቅላላ አገልግሎትም ይሁን ጥገና ግድ የለኝም፣ ብቻ መስኮት ዘግታችሁብኛል ስል "እኔ ነኝ" የሚል ሰው ልግኝ። ሰው በሚሰበሰብበት ክፍል ሁሉ መለኪያ ይሰቀል፣ በር ላይ "ይህ ክፍል ይህን ያህል ሰው ይይዛል" የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ፣ ቁጥሩም የሚወጣው በወንበር ብዛት ሳይሆን በሚገባው አየር ልክ ይሁን። የግንባታ ደንባችሁ ላይ የአየር መጠን በቁጥር ይጻፍ፣ በርክክብ ቀን በመሣሪያ ይለካ፣ ያላሟላ ተቋራጭ የመጨረሻ ክፍያው ይያዝ። መንግሥት ሕንፃ ሲከራይም እንዲሁ፤ የመኪና ማቆሚያና የጥበቃ ቤት የሚጠይቅ የኪራይ ጨረታ ስለ አየር አንድ መስመር ቢጨምር አይጎዳም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትችሉም፣ እናም ከትምህርት ቤትና ከጤና ተቋም መጠባበቂያ ጀምሩ፣ ማረሚያ ቤትንም አትርሱ፣ እዚያ ያለው ሰው ደብዳቤ የሚጽፍበት ዕድል የለውም።

ማክሰኞ ዕለት ተራዬ ሳይደርስ ሰዓት አለቀ። ለሰኞ ተቀጠርኩ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው አዳራሽ፣ ከስድስተኛው መስኮት ሥር እቀመጣለሁ፣ መለኪያዬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ። ቁልፉ አሁንም ጠቅላላ አገልግሎት ጋ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለ 114 ቁጥር